አራት መቶው ፓውንድ የማን ነበር?

የሰፈራችን የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ በወረዳው አዳራሽ ሲካሄድ እኔም እንደ አንድ አባል ተቀምጬ ነበር። አዳራሹን የሞሉት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው፤ ለዘይትና ለስኳር የሚሰለፉት እነርሱ ናቸውና ይህ የሚያስገርም አይደለም። መድረኩ ላይ በተደረደሩት ወንበሮች የተቀመጡት ግን ወንዶች ነበሩ፤ ከጠረጴዛው ጫፍ አንዲት ወጣት ብቻ ቃለ ጉባኤ ትይዛለች። የሒሳብ ሪፖርቱ ተነቦ ሲያበቃ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። የአባልነት ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ አስቀምጠዋል። የጠየቁት፣ ማኅበሩ አተረፍኩ ያለው ገንዘብ ምን ላይ እንደዋለና ለአባላት የሚደርሰው ድርሻ መቼ እንደሚከፈል ነበር። ሰብሳቢው በትሕትና፣ እንዲያውም በፈገግታ፣ «እናቴ፣ የዕቃ ጉዳይ ከሆነ ሱቁ ላይ ቢያነጋግሯቸው ይሻላል፤ እዚህ የያዝነው ሒሳብ ነው» አሏቸው።

እኚያ እናት የጠየቁት ስለ ሒሳብ ነበር። «እኔ እኮ አባል ነኝ» ብለው ተቀመጡ፤ ከጎናቸው የነበሩት ሴትም «ተይው፣ ዝም አይነቅዝም» ብለው አጽናኗቸው። በኋላ ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የተለጠፈውን ቃለ ጉባኤ ሳነብ፣ ሪፖርቱ «ሰፊ ውይይት ከተደረገበት በኋላ በሙሉ ድምፅ ጸድቋል» ይላል።

ነገሩ ሲከነክነኝ የቆየው ሰብሳቢው ባለጌ ስላልነበሩ ነው። ቢሳደቡ ኖሮ ተቆጥቼ እረሳው ነበር። ሰውዬው ግን በቅንነት አልሰሟቸውም፤ ዘንቢል ይዛ የምትመጣ ሴት ደንበኛ እንጂ የማኅበሩ ባለቤት ልትሆን እንደምትችል ጆሯቸው አልተዘጋጀም። የሸማቾች ማኅበር የሚባለው ነገር ከየት እንደመጣና በዚያ በመጣበት አገር ሴቶቹ ይህን ጆሮ እንዴት እንዳስከፈቱት ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ከዚህ በታች የማነሣቸው የእንግሊዝ ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ኑ፣ ግዙ»

በ1844 ሮችዴል በምትባል የሰሜን እንግሊዝ የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ጥቂት ሠራተኞች ገንዘብ አዋጥተው ዱቄት፣ ቅቤ፣ ስኳርና አጃ የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ ከፈቱ። ትርፉን በአክሲዮን ብዛት ሳይሆን እያንዳንዱ አባል በገዛው ልክ አከፋፈሉ፤ ለአንድ ሰው አንድ ድምፅ ሰጡ፤ ቆይተውም ከትርፉ ላይ ከመቶ ሁለት ተኩል ለአባላት ትምህርት ይመድቡ ጀመር። የእኛ ማኅበራት መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ የሚገኘው አብዛኛው ነገር ከዚያ የተቀዳ ነው።

ትርፍ በገዙት ልክ የሚከፋፈል ከሆነ የማኅበሩ ዕድል ያለው በገበያተኛዋ ዘንቢል ውስጥ ነው። ሚስት ጥቂት ሳንቲም ይረክስልኛል ብላ ጥግ ላይ ካለው ነጋዴ ከገዛች ማኅበሩ ይከስራል፤ ታግሣ ከማኅበሩ ሱቅ ከገዛች ይለመልማል። ሆኖም ብዙዎቹ ማኅበራት ከአንድ ቤት ከአንድ ሰው በላይ በአባልነት አይቀበሉም ነበር፤ ያ አንድ ሰው ደግሞ በአብዛኛው ባልየው ነው። ስለዚህ የምትገዛው እርሷ፣ ድምፅ የሚሰጠው እርሱ ሆነ። ያገባች ሴት ንብረቷን በራሷ ስም እንድትይዝና እንድታስተዳድር የፈቀደው ሕግ እንኳ የወጣው በ1882 ሲሆን ሥራ ላይ የዋለው ከጥር 1883 ጀምሮ ነው።

በዚያው በጥር 1883 አሊስ አክላንድ የተባለች የኦክስፎርድ መምህር ሚስት በኅብረት ሥራ ንቅናቄው ሳምንታዊ ጋዜጣ ላይ የሴቶች ዓምድ ጀመረች። የጻፈችው ነገር ፍሬ ሐሳቡ እንዲህ ነበር፦ ስብሰባ ሲጠራ ወንዶቹ ኑ፣ እርዱ፣ ድምፅ ስጡ፣ ተቹ፣ ሥሩ ይባላሉ፤ ሴቶቹ ግን የሚባሉት ኑ፣ ግዙ ብቻ ነው። ይህን ሳነብ በአዳራሹ ውስጥ በፌስታል የተጠቀለለው ደብተር ትዝ አለኝ።

አክላንድ አብዮተኛ አልነበረችም። ሴቶች መድረክ ላይ ወጥተው ንግግር እንዲያደርጉ አልፈለገችም፤ ወንዶች በተሻለ ይሠሩታል ያለችውን ሥራም ለመሻማት አላሰበችም። ሴቶች ሻይ እየጠጡ፣ እየሰፉ፣ አንድ የሚጠቅም ጽሑፍ ሲነበብ እየሰሙ ቢሰበሰቡ ይበቃታል። በዎልዊች ትኖር የነበረችው ሜሪ ሎረንሰን ግን ሐሳቡ በዓምድ ብቻ እንዳይቀር ገፋች፤ በዚያው ዓመት በኤድንብራ በተካሄደው የኅብረት ሥራ ጉባኤ ላይም የሴቶቹ ማኅበር ተመሠረተ። ብዙም ሳይቆይ የሴቶች የኅብረት ሥራ ጊልድ ተባለ። በዚያ ስፌትና ሻይ ላይ መሳለቅ ቀላል ነው፤ እኔ ግን ብልህነት ይታየኛል። ባልዋ «የት ልትሄጂ ነው?» ሲላት የምትመልሰው ነገር የሌላት ሴት መጀመሪያ የሚያስፈልጋት ከቤት የሚያስወጣ ሰበብ ነው።

ከበሮ በሰው እጅ

ጊልዱ የታወቀበትን መልክ የያዘው ማርጋሬት ልዌሊን ዴቪስ በ1889 ዋና ጸሐፊ ከሆነች በኋላ ነው። የቄስ ልጅ ናት፤ አክስቷ ኤሚሊ ዴቪስ በካምብሪጅ የመጀመሪያውን የሴቶች ኮሌጅ የመሠረተችው ናት። አባቷ በሰሜን እንግሊዝ ከርክቢ ሎንስዴል በምትባል ትንሽ ከተማ ሲያገለግሉ የጊልዱ ዋና ጽሕፈት ቤት የደብሩ አለቃ ቤት ውስጥ ነበር። ደመወዝ አልነበራትም። ከጓደኛዋ ከሊሊያን ሃሪስ ጋር እስከ 1921 በዚህ ሥራ ቆየች። ስትረከበው 1,800 ገደማ አባላት የነበሩት ማኅበር ስትለቅ ከ50,000 በላይ ሆኖ ነበር።

አባላቱ እነማን ነበሩ? በአብዛኛው የማዕድን ቆፋሪ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ የሸማኔ ሚስቶች ናቸው፤ ብዙዎቹ በልጅነታቸው ፋብሪካ ወይም የሰው ቤት ገብተው የሠሩና ትምህርት ቤትን ገና በጠዋቱ የተሰናበቱ። ስብሰባው ብዙ ጊዜ የሚካሄደው ከማኅበሩ ሱቅ በላይ ባለች ክፍል ነው። ከታች ዱቄት ይመዘናል፣ ከላይ ሊቀ መንበር ይመረጣል። የጊልዱ ትምህርት ከሰሌዳና ከመምህር ይልቅ በዚያች ክፍል ውስጥ በሚሠራው ሥራ ላይ የተመሠረተ ነበር። አንዷ ሊቀ መንበር፣ አንዷ ጸሐፊ፣ አንዷ ገንዘብ ያዥ ሆና ትመረጣለች፤ ዘመኗን ጨርሳ ለሌላዋ ታስረክባለች። ከመካከላቸው አንዷ ስለ ዳቦ ዋጋ፣ ስለ ትምህርት ቤት ወይም ስለ ድሆች ሕግ ጽሑፍ አዘጋጅታ ታነባለች፤ የቀሩት ይጠይቋታል። ከዚያ በወረዳ፣ ቀጥሎ በዓመታዊው ጉባኤ የቅርንጫፏ ተወካይ ሆና በመቶዎች በሚቆጠሩ ሰዎች ፊት ትቆማለች።

ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር እንዲሉ፣ ስብሰባ መምራት ከሩቅ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። «አጀንዳ ላይ ነን»፣ «ሥነ ሥርዓት»፣ «ማሻሻያ ሐሳብ አለኝ» የሚሉትን ቃላት በትክክለኛው ሰዓት ማለት የማይችል ሰው፣ ሐሳቡ የቱንም ያህል ልክ ቢሆን፣ አንድ ፈገግታ ይበቃዋል፤ ይቀመጣል። እነዚያ ሴቶች የሰለጠኑት ይህን ፈገግታ ለመቋቋም ነው ብዬ አስባለሁ።

ያገኙትን አንደበት መጀመሪያ የሞከሩት በራሳቸው ወገን ላይ ነው። የኅብረት ሥራ ሱቆቹና ፋብሪካዎቹ ለሴት ሠራተኞቻቸው የሚከፍሉት ደመወዝ ዝቅተኛ ነበር። ጊልዱ ከሠራተኞቹ ማኅበር ጋር ሆኖ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ታገለ፤ በ1912ም ትልቁ የኅብረት ሥራ ጅምላ አከፋፋይ ድርጅት ተቀበለው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው፣ የሱቅ ሠራተኛዋ ደመወዝ ሲጨምር የገዢዋ የትርፍ ድርሻ ሊቀንስ እንደሚችል ነው። ሴቶቹ የተከራከሩት የራሳቸውን ኪስ ሊነካ ለሚችል ነገር ነበር።

ሁሉም ግን አልተሳካላቸውም። የጊልዱ አባላት ድሆች ቢሆኑም የድሃ ድሃ አልነበሩም፤ መዋጮ የሚተርፋቸው ናቸው። ይህን ክፍተት ለመሙላት በ1902 በሰንደርላንድ በድሆች ሰፈር በትንንሽ መጠን የሚሸጥ፣ ትኩስ ሾርባም የሚያቀርብ ሱቅ ተከፈተ፤ የከተማው ማኅበር አመራር ሲለወጥ በ1904 ተዘጋ። ሐሳቡ ከእነርሱ ቢመጣም ቁልፉ በእጃቸው አልነበረም።

ሠላሳ ሽልንግ

በ1911 የብሪታንያ ፓርላማ የብሔራዊ መድን ሕግ ሲያወጣ ጊልዱ ግፊት ካደረገባቸው ነገሮች አንዱ የወሊድ ድጎማ ነበር፤ የመድን አባል የሆነ ሠራተኛ ሚስቱ ስትወልድ ሠላሳ ሽልንግ እንዲከፈል ተወሰነ። ገንዘቡ ግን የሚከፈለው ለባልየው ሆነ። ጊልዱ ያረገዘችውም የወለደችውም እርሷ ናትና ገንዘቡ በሕግ የእርሷ ይሁን አለ። ይህ ሐቀኛ ባሎችን መስደብ ነው ያሉ የፓርላማ አባላት ነበሩ። በ1913 ሕጉ ተሻሽሎ ድጎማው የእናቲቱ ንብረት ሆነ።

ክርክሩን ለማጠናከር ዴቪስ ከአባላቱ ስለ እርግዝናቸውና ስለ ወሊዳቸው እንዲጽፉላት ጠየቀች። ከመጡት መካከል 160 ደብዳቤዎች በ1915 በመጽሐፍ ታተሙ። ባልና ልጆች ይብሉ ብለው የራሳቸውን ምግብ የቀነሱ፣ ምጥ እስኪይዛቸው ድረስ ከልብስ ማጠቢያው ገንዳ ያልተለዩ፣ አራስ ቤት ሳያገግሙ የተነሡ ሴቶች በገዛ እጃቸው የጻፉት ነው። የአራሷን ገንፎ ብንጨምርበትና እንግሊዝኛውን ብንረሳው፣ ከደብዳቤዎቹ ውስጥ ብዙዎቹ ከእኛ ሰፈር የመጡ ይመስላሉ።

አራት መቶው

በዚህ ታሪክ ውስጥ ቆሜ የቀረሁበት ቦታ ግን ሌላ ነው። በ1909 የእንግሊዝ መንግሥት የፍቺን ሕግ የሚመረምር ኮሚሽን አቋቋመ። በጊዜው ባል ሚስቱን ለመፍታት ዝሙቷን ማስረዳት ብቻ ይበቃው ነበር፤ ሚስት ግን ከዝሙቱ በላይ ጭካኔን ወይም ጥሎ መሄድን የመሰለ ሌላ በደል ማስረዳት አለባት። ጉዳዩ የሚታየው ለንደን ስለሆነ ወጪው ለማዕድን ቆፋሪ ሚስት የማይታሰብ ነው። ጊልዱ አባላቱን ጠይቆ፣ መልሳቸውን ሰብስቦ፣ በ1910 ዴቪስ ለኮሚሽኑ ምስክርነት ሰጠች። ሕጉ ለሁለቱም እኩል ይሁን፤ ለድሃም የሚደረስበት ይሁን፤ ከዚያም አልፎ ባልና ሚስት በስምምነት መለያየት ይፍቀድላቸው አሉ።

የካቶሊክ ምእመናን ድርጅት ይህን ሲሰማ ለኅብረት ሥራ ንቅናቄው ማዕከላዊ ቦርድ አቤት አለ። ቦርዱ ለጊልዱ በየዓመቱ 400 ፓውንድ ይለግስ ነበር፤ ለዋናው ጽሕፈት ቤት የጀርባ አጥንት የሆነ ገንዘብ ነው። በ1914 ቦርዱ ሁለት ነገር ጠየቀ፦ የፍቺን ዘመቻ አቁሙ፤ ወደፊትም እኛ ያልፈቀድነውን ጉዳይ አትያዙ። ይህን ካልተቀበላችሁ አራት መቶው አይሰጥም።

በቦርዱ ቦታ ሆኜ ለማሰብ ሞክሬአለሁ። ንቅናቄው የሱቆች ንቅናቄ ነው፤ ደንበኞቹ ፕሮቴስታንትም፣ ካቶሊክም፣ ምንም ያልሆኑም ናቸው። ፍቺ ከዱቄትና ከሻይ ቅጠል ጋር ምን አገናኘው? አንድ የሃይማኖት ወገን ተቀይሞ ግዢውን ቢያቆም የሚጎዳው ሁሉም ነው። ይህ የክፉ ሰዎች ክርክር አይደለም። በእኛም አገር ቢሆን «ይህ አሁን ጊዜው ነው? አንድነታችንን አይከፍልም?» የሚሉ ሽማግሌዎች ሁልጊዜ ይነሣሉ፤ ብዙ ጊዜም የሚናገሩት ከልባቸው ነው።

ከጊልዱ ሴቶች መካከልም ፍቺን የሚፈሩ፣ በእምነታቸው የማይቀበሉት ነበሩ። ጥያቄው ስለ ፍቺ ብቻ ቢሆን ኖሮ መከፋፈላቸው አይቀርም ነበር። ቦርዱ ሁለተኛውን ቅድመ ሁኔታ፣ «ያልፈቀድነውን አትያዙ» የሚለውን፣ ሲጨምር ግን ሳያውቀው አንድ አደረጋቸው። ከዚያ በኋላ የሚወሰነው፣ ሴቶች ስለ ምን እንደሚነጋገሩ የሚወስነው ማነው የሚለው ሆነ። ሠላሳ ዓመት በሱቅ ፎቅ ላይ አጀንዳ ሲጽፉ የኖሩ ሴቶች አጀንዳቸውን ለሌላ ሰው አሳልፈው አልሰጡም። ጉባኤው እምቢ አለ፤ አራት መቶውም ቀረ።

ደጋግሜ ያሰብኩበት አንድ ነገር አለ። ያ ገንዘብ ስጦታ ይባል እንጂ ከየት የመጣ ነው? ከኅብረት ሥራ ማኅበራቱ መዋጮ፤ የማኅበራቱ ገንዘብ ደግሞ ከሱቆቹ ገቢ፤ የሱቆቹ ገቢ ከእነዚሁ ሴቶች ዘንቢል። ገንዘቡ ከእጃቸው ወጥቶ፣ በወንዶች ጠረጴዛ ላይ ዞሮ፣ «ልገሳ» ተብሎ ሲመለስላቸው ማመስገን ይጠበቅባቸው ነበር። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለውን ተረት ሴት አታውቅም የሚል ንቀት አድርጌ ነበር የምሰማው፤ አሁን ግን የገንዘብን አካሄድ የሚናገር ሆኖ ይሰማኛል። ዕውቀቱ የእርሷ ቢሆንም ፊርማው የእርሱ ነው።

ቅርንጫፎቹ የጎደለውን ከራሳቸው አዋጡ። ያ ዓመት ጦርነት የተነሣበት፣ ኑሮ የተወደደበት ዓመት ነው፤ የሚዋጣውም ፔኒ በፔኒ ነበር። እንዲህ እየሆነ አራት ዓመት አለፈ። በ1918 ቦርዱ ልገሳውን መለሰ፤ ጊልዱ ግን አቋሙን አልተወም። ሚስትም እንደ ባል በዝሙት ብቻ ፍቺ መጠየቅ እንድትችል የፈቀደው ሕግ በ1923 ወጣ። ሕጉ የወጣው በጊልዱ ጥረት ብቻ ነው አልልም፤ ሌሎችም ብዙ ግፊቶች ነበሩ። እነርሱ በእርግጠኝነት ያተረፉት የራሳቸውን አጀንዳ ነው።

አንድ ጥርጣሬ ግን አልለቀቀኝም። ዴቪስ የተማረች፣ ደመወዝ የማያስፈልጋት ሴት ናት፤ ልገሳው ቢቀር እርሷ አትራብም። እምቢታው የእርሷ ድፍረት ነበር ወይስ የአባላቱ? ለዚህ የማገኘው መልስ ውሳኔው ከተሰጠ በኋላ ባሉት አራት ዓመታት ውስጥ ነው። በስብሰባ ላይ እጅ ማውጣት ለመሪ ሲባልም ይደረጋል፤ በጦርነት ዘመን ከዳቦ ገንዘብ ላይ ቀንሶ ደጋግሞ ማዋጣት ግን ለሌላ ሰው ሐሳብ ሲባል ብቻ የሚዘለቅ አይመስለኝም።

ወደ እኛ ስመለስ

ጊልዱ ከዚያ በኋላም ረጅም ዕድሜ ኖረ። በ1933 የሰላም ምልክት የሆነውን ነጭ የፓፒ አበባ ማሰራጨት ጀመረ፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ የአባላቱ ቁጥር ከ80,000 አለፈ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሴቶች ወደ ደመወዝ ሥራ ሲገቡ፣ ሱቆቹም ሲለወጡ፣ አባላቱ እያረጁ ሄዱና በ2016 ተዘጋ። ለዚህ አላዝንም፤ ማኅበርም እንደ ሰው ዕድሜ አለው።

ከዚህ ታሪክ ወደ እኛ ስመለስ ሁለት ዓይነት የሴቶች ስብስብ ይታየኛል። አንደኛው ስለ መብት የሚናገረው ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ባልን የቤተሰብ አስተዳዳሪ ያደረገውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ክፍል ሲተካ፣ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ትልቅ ድርሻ ነበረው። ነገር ግን የዚህ ዓይነት ድርጅቶች ገንዘብ በአብዛኛው ከውጭ ነበር። በ2001 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 621 በመብት ላይ የሚሠራ ድርጅት ከገቢው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ እንዳያገኝ ሲደነግግ ብዙዎቹ ወይ ተዳከሙ ወይ ሥራቸውን ወደ ልማት አዞሩ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በሌላ ተተክቷል፤ እኔ ልክ አልነበረም ከሚሉት ወገን ነኝ። ሆኖም በእነዚያ ዓመታት ከየሰፈሩ ፔኒ በፔኒ የሚያዋጣ አባል ያልነበራቸው መሆኑ የራሱን ነገር ይናገራል።

ሁለተኛው ስብስብ ከማንም ምንም የማይለምነው ነው፤ የሴቶች እድር፣ እቁብ፣ የጽዋ ማኅበር። በእናቴ እድር ውስጥ ዳኛዋ፣ ጸሐፊዋና ገንዘብ ያዧ ሁሉም ሴቶች ናቸው፤ ያላዋጣች ትቀጣለች፣ የዘገየች ትቀጣለች፣ ሒሳብ በየወሩ ይነበባል፤ ሰብሳቢዋ ሥነ ሥርዓት ስታስከብር ሳይ የወረዳው አዳራሽ መድረክ ላይ የነበሩት ሰዎች ከእርሷ ቢማሩ እላለሁ። ከጊልዱ የሱቅ ፎቅ ክፍል የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው። ስለ ወሊድ፣ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ፍቺ፣ ስለ ሸማቾች ማኅበሩ ትርፍ እዚያ የሚወራው ሒሳቡ ተነቦ፣ መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ፣ ቡና ሲፈላ ነው።

እናቴን ለምን መዝገቡ ሳይዘጋ አትነጋገሩበትም ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ደንቡ ላይ የለማ» አለችኝ። ደንቡን ማን ጻፈው አልኳት። «እኛው ነን እንጂ» አለችና መዝገቡን ከሣጥን አውጥታ የመጀመሪያውን ገጽ ፊርማዎቹን ጭምር አሳየችኝ፤ ቀጥሎ ባለው ገጽ ላይ ደግሞ ደንቡን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ማሻሻል እንደሚቻል ተጽፏል።